ከውሃው በፊት ወሬው

በረሃ የገባ መንገደኛ መንገድ ስቶ ሲቀር ጥፋቱን በሙቀቱ ላይ መጣል ይቀናናል። ዳሎል ለዚህ አመቺ ምስክር ነው፤ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተወሰደው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለፈ ስፍራ ነው። ነገር ግን በዚያው ሐሩር የአፋር አርብቶ አደርና አሞሌ የሚጭነው ሲራራ ነጋዴ ለዘመናት ተመላልሰውበታል። ሙቀቱን መልመዳቸው ረድቷቸዋል፤ ይሁንና የደረቀን የውሃ ጉድጓድ ልምድ አይሞላውም። እኔ እንደማምነው ለመንገደኛ ከሁሉም በላይ ዋስትና የነበረው ዳጉ፣ የአፋሮች የወሬ ልውውጥ ልማድ፣ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ እጅ ይሳሳማሉ፤ ግመሎቻቸውን አቁመው፣ ብዙ ጊዜም ቁጢጥ ብለው ይጠያየቃሉ። ዝናብ የት ጣለ? ውሃ የት አለ? የማን ከብት ታመመ? ማን ከማን ተጣላ? በአካባቢው ማን ፀጉረ ልውጥ ታየ? ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰው ከሰማው ለይቶ ይናገራል፤ አድማጩም የሰማውን ለሚቀጥለው ሰው ያደርሳል። የዋሸ ሰው ከዚያ ወዲያ ማን ያምነዋል?

በ1875 እ.ኤ.አ. በግብፁ ከዲቭ እስማኤል አገልግሎት የነበረው ስዊሳዊው ወርነር ሙንዚንገር፣ ሸዋ ካለው ከምኒልክ ጋር ለመገናኘት ጦር አስከትሎ ከታጁራ ተነሣ። በአፋሮቹ ምድር በአውሳ በሌሊት ተከቦ ተገደለ፤ ከጦሩም የተረፈው ጥቂት ነው። ይህ የጦርነት ሞት እንጂ የበረሃ አደጋ አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የገደለው ጥም አይደለም። ሆኖም በዚያ ገላጣ ምድር የሚጓዝ ሠራዊት ከዳጉ ጆሮ የሚሰወርበት መንገድ አልነበረውም፤ ወሬው ስለ እሱ ይነገር ነበር እንጂ ለእሱ አይነገርም ነበር። በ1934 እ.ኤ.አ. የ23 ዓመቱ እንግሊዛዊ አሳሽ ዊልፍሬድ ቴሲገርም የታጠቁ አጃቢዎች ነበሩት። እሱ ግን ከአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ጋር ጫካ ውስጥ በጨረቃ ብርሃን ተገናኝቶ ፈቃድ ጠየቀ። ሱልጣኑ ፈቀዱለት፤ የአዋሽን መጨረሻ አቤ ሐይቅ ድረስ ተከትሎ በሰላም ታጁራ ወጣ።

ዳጉ ያድናል ብቻ ብል ግን አበላሻለሁ። የውሃውን ቦታ የሚያደርሰው አፍ የባለጋራንም ዱካ ያደርሳል፤ የሙንዚንገር ሌሊት የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። ለዚህ ነው ፈቃድ ከስንቅ የማያንሰው። ዛሬማ የሳተላይት ስልክ አለ፣ ዳጉ ምን ያደርጋል ለሚለው ደግሞ መልሱ አጭር ነው። መሣሪያው የቆምንበትን ይነግረናል፤ የትናንቱ ጎርፍ የቱን መንገድ እንደቆረጠ፣ የቱ ጉድጓድ እንደነጠፈ የሚያውቀው ግን ዛሬ ጠዋት በዚያ በኩል ያለፈ እረኛ ነው። ወደ ኤርታሌ እሳተ ገሞራ የሚወጣ ቡድን መሪ መንገድ ላይ ቁጢጥ ብሎ ከእንዲህ ያለው እረኛ ጋር ሲያወጋ፣ የሚያወራው ከፊት ስላለው መንገድ ነው።