ሰማይ አይታረስ፣ መንግሥት አይከሰስ? የወላይታ መምህር ደመወዝና ሕጉ

እስኪ በሶዶ ከተማ በአንድ መንገድ ላይ ፊት ለፊት የሚሠሩ ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንደኛው በግንባታ ላይ ባለ ሕንፃ ሲሚንቶ የሚያቦካ የጉልበት ሠራተኛ ነው። ሁለተኛዋ ዲፕሎማዋን ይዛ በመንግሥት ትምህርት ቤት የምታስተምር መምህርት ናት። ሁለቱም የሦስት ወር ደመወዝ ቀርቶባቸዋል እንበል። ለመሆኑ ገንዘቡን በፍርድ ለማስመለስ የተሻለ መንገድ ያለው ማን ነው? የከተማ ሰው ሳያመነታ «መምህርቷ» ይላል፤ ቋሚ ሠራተኛ ናት፣ ደብዳቤ አላት፣ አሠሪዋም መንግሥት ነው። ሕጉን ገልጦ ለሚያነብ ግን መልሱ የተገላቢጦሽ ነው። የዚህን ጽሑፍ ጸሐፊ ወደ ታሪክ መዛግብት የመራውም ይኸው የተገላቢጦሽ ነገር ነው።

በመጀመሪያ የጉልበት ሠራተኛውን እንመልከት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የጽሑፍ ውል ስላልያዘ ብቻ መብቱን አይነፍገውም፤ ሥራውን መሥራቱን በምስክርም ሆነ በሌላ ማስረጃ ሊያስረዳ ይችላል። ክሱን የሚያቀርበው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ችሎቱም በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዝዛል። አሠሪው ቢከስር እንኳ የሠራተኛው ጥያቄ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው። አሠሪው መሠረታዊ ግዴታውን በተደጋጋሚ ካልፈጸመ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ለቆ ካሳ መጠየቅ ይችላል። አንድ ነገር ግን ብዙዎችን ይጥላል፤ የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ቆይ፣ በሚቀጥለው ወር» እየተባለ የሚጠብቅ ሰው ስድስቱን ወር በደጅ ጥናት ይጨርሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ይርጋው ይቋረጣልና፣ «ይህን ያህል አለብኝ» የምትል አንዲት የተፈረመች ወረቀት ከብዙ የቃል ተስፋ ትበልጣለች። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ነው፤ ንዑስ ተቋራጩ ስልኩን አጥፍቶ ከሶዶ ከጠፋ ክሱ ማንን እንደሚያገኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ቢሆንም መንገዱ አለ።

መምህርቷ ዘንድ ስንደርስ ግን ያው አዋጅ በሩን ይዘጋል። የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞች ከወታደር፣ ከፖሊስ፣ ከዳኛና ከዐቃቤ ሕግ ጋር ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ ናቸው። የእርሷ ሕግ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። ክልሎች ብዙውን ጊዜ አርአያ ያደረጓቸው የፌዴራል አዋጆች ደመወዝ በየወሩ መጨረሻ እንደሚከፈል ይደነግጋሉ። ያለ ሠራተኛው ፈቃድ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ያለ ሕግ ደመወዝ አይያዝም፣ አይቆረጥም ይላሉ። ለአስተዳደር ፍርድ ቤቱም «ደመወዜ ያለ አግባብ ተያዘ ወይም ተቆረጠ» የሚለውን አቤቱታ የማየት ሥልጣን ይሰጣሉ። አንባቢ ሆይ፣ ሕግ አውጪው ያሰበውን አሠሪ ልብ ይሏል፤ የአንዱን ሠራተኛ ገንዘብ በስህተት ወይም በቂም የያዘ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። የወረዳው ሠራተኛ በሙሉ ደመወዝ ሳያገኝ ሲቀር፣ ኃላፊውም ራሱ ሳይከፈለው ሲቀር፣ ማን ያዘው? ማን ቆረጠው? ሕጉ ለዚህ የተሰፋ ልብስ አይደለም።

ይህ ክፍተት የትናንት አይደለም። ወላይታ በ1887 ዓ.ም. የንጉሥ ጦና ጦር በምኒልክ ጦር ከተሸነፈ በኋላ ለረጅም ዘመን የኖረችበት ሥርዓት ገባር ይባል ነበር። ዘመቻውን በዓይኑ አይቶ የጻፈው ፈረንሳዊው ቫንደርሄም ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን የጻፈው የለም ማለት ይቻላል። በገባር ሥርዓት የመንግሥት ሹም ደመወዙን በገንዘብ አይቀበልም፤ የገበሬው ጉልበትና እህል ነው ደመወዙ። በሌላ አነጋገር፣ መንግሥት ሠራተኛውን የሚከፍለው ከሌላው ሰው ኪስ ነበር። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ወደ ማዳበሪያው ስንደርስ እንመለስበታለን።

ደመወዝ የሚባለውን ነገር በርካታ የወላይታ ሰዎች ያወቁት ከቤታቸው ርቀው ነው። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሲከፍት አገዳውን የሚቆርጡት በአመዛኙ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የሚመጡ ወቅታዊ ሠራተኞች ሆኑ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. የሥራ ውልን ደነገገ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210/1956 ደግሞ ማኅበር ማቋቋምንና የጋራ ድርድርን ፈቀደ። ኢትዮጵያም በ1955 ዓ.ም. የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት 87ኛና 98ኛ ስምምነቶች አጽድቃ ነበር። ሆኖም የ1956ቱ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛን ወደ ጎን ትቶ አለፈ። መንግሥት ለኤች ቪ ኤ ያወጣውን ሕግ ለራሱ አልወደደውም።

የካቲት 1966 ዓ.ም. ሁለቱን ወገኖች አንድ ላይ አደባባይ አወጣቸው። የካቲት 11 መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የካቲት 28 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጀመረ። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 64/1968፣ ኢሕአዴግ በአዋጅ ቁጥር 42/1985 እና በቁጥር 377/1996 የሠራተኛውን ሕግ ደጋግመው ጻፉት። የመንግሥት ሠራተኛው ግን በሌላው ደብተር ውስጥ እንዳለ ቀረ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንድ በር የከፈተ መስሎ ነበር። አንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች እንዲደራጁ፣ ሥራ ማቆምን ጨምሮ ቅሬታቸውን እንዲያሰሙ መብት ይሰጣል። ከዚያ ወረድ ብሎ የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ መብት እንደሚጠቀሙ በሕግ ይወሰናል ይላል። እነሆ ከሠላሳ ዓመት በላይ «በሕግ ይወሰናል» እንደተባለ ነው። በዚህ መካከል የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የደረሰበትን ማስታወስ ይበቃል። ፕሬዚዳንቱ ዶ/ር ታዬ ወልደሰማያት ከ1988 እስከ 1994 ዓ.ም. ታሰሩ፤ አቶ አሰፋ ማሩ በ1989 ዓ.ም. በፖሊስ ጥይት ተገደሉ፤ የማኅበሩ ስምና ንብረትም በ2000 ዓ.ም. በሰበር ውሳኔ ለሌላው ማኅበር ተሰጠ። ጉዳዩ በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ ዘንድ ቁጥር 2516 ተብሎ ተመዝግቧል።

ሶዶም የራሷ ትዝታ አላት። በ1991ና በ1992 ዓ.ም. «ወጋጎዳ» በተባለው የተቀላቀለ ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍት ወደ ትምህርት ቤት በመጡ ጊዜ የተቃወሙ መምህራን ከቦታቸው ተነሡ፤ ከተማዋ ታመሰች፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ ወላይታም በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በዚህ አገር የአስተዳደር ወሰን ሲለወጥ ብዙ ቃል ይገባል፤ በጀቱ ግን ከወሰኑ ጋር አብሮ አይሰፋም። ሕዝበ ውሳኔው በጥር 2015፣ የወላይታው ድጋሚ ድምፅ በሰኔ 2015 ተካሂዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ሲመሠረት ሶዶ የፖለቲካ መቀመጫው ሆነች። ገና ዓመት ሳይሞላ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ በዞኑ ያሉ መምህራንና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዛቸው ለወራት ዘግይቶ፣ አንዳንዴም በከፊል እየተከፈለ፣ ማስተማር እስከ ማቆም ደረሱ። ያላስተማረ ተብሎ የተወቀሰው መምህር የቤት ኪራይ ያልከፈለ፣ ከሱቅ ዱቤ የተከለከለ መምህር ነበር።

ባለሥልጣናት በየመገናኛ ብዙኃኑ ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ የማዳበሪያ ዕዳ ነው። ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሰምቶ ግራ ይጋባል፤ መምህርና ማዳበሪያ ምን አገናኛቸው? አካሄዱ እንዲህ ነው። ማዳበሪያ በዱቤ ወደ ወላይታ ገበሬ በስፋት መግባት የጀመረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ የዓለም ባንክ በደገፈው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ዋዱ፣ ነው። በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ ክልሎች ለባንክ የዱቤ ዋስ ሆኑ፤ ዋስትናቸውም በጀታቸው ነበር። ገበሬው ምርት ሲጠፋበት ወይም ዋጋው ሲወድቅበት ዕዳው ወደ ክልሉ ይመለሳል፤ ከክልሉ ድርሻ ላይ የተቀነሰው ወደ ወረዳው ይወርዳል። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ የመምህሩን ደመወዝ የሚከፍለው ወረዳው ነው፤ ከወረዳው በጀትም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ደመወዝ ስለሆነ ጉድለቱ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። የዩክሬን ጦርነት የማዳበሪያን ዋጋ ከሰቀለው በኋላ ሸክሙ የባሰ ሆነ። ገበሬው ያልከፈለውን መምህሩ ከፈለ ማለት ነው። ከላይ ስለ ገባር ሥርዓት ያነሣሁትን አንባቢ ያስታውስ፤ አቅጣጫው ተገልብጦ እንጂ መንግሥት ዛሬም የራሱን ሒሳብ በሌላ ሰው ኪስ እየዘጋ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ክልሎች የወራት ደመወዝ ዕዳ ተቆልሎባቸው ፌዴራሉ መንግሥት የመታደጊያ ገንዘብ እስከ መስጠት ደርሷል። እዚያ ግን ዕዳው «ዕዳ» ተብሎ ተጠርቷል፤ እዚህ «መዘግየት» ይባላል።

እንግዲህ መምህርቷ ምን ታድርግ? የፌዴራሉ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የወረዳ ጽሕፈት ቤትን አይመለከትም። በመሥሪያ ቤቷ የቅሬታ ኮሚቴ አልፋ ወደ ክልሉ የአስተዳደር ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለች፤ ብቻዋን ከሄደች ግን በዝውውር ደብዳቤ የመመለስ ሥጋት አለባት። እኔ ይበልጥ የሚታየኝ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ነው። ይህ አንቀጽ አባላቱን የሚወክል ማንኛውም ማኅበር በአባላቱ የጋራ ወይም የግል ጥቅም ስም በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ የማቅረብ መብት እንዳለው በግልጽ ይናገራል። የአንድ ዞን መምህራን ማኅበር የአባላቱን ስም፣ የወሩን ብዛትና የብሩን መጠን በሠንጠረዥ አያይዞ አንድ ክስ ቢያቀርብ የትኛውም መምህር ለብቻው ዒላማ አይሆንም። ማኅበሩ ይህን ድፍረት አለው ወይ የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ መዋጮው ከደመወዝ ላይ በአሠሪው እጅ የሚቆረጥ ማኅበር አሠሪውን ለመክሰስ ማመንታቱ አይደንቅም።

ፍርዱ ቢገኝም አፈጻጸሙ ይቀራል። የትምህርት ቤቱን ወንበር ወይም የጤና ጣቢያውን አልጋ በሐራጅ መሸጥ አይቻልም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ለሕዝብ አገልግሎት የተመደበ ንብረት በዚያ አገልግሎት ላይ እስካለ ድረስ አይሸጥም። የሚቀረው መንገድ ፍርዱ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ውስጥ እንደ ዕዳ እንዲያዝ ማድረግ ነው። ያኔ የክልሉ ምክር ቤት አባላት «የዘገየ ደመወዝ» የሚለውን ሐረግ ትተው አኃዙን በበጀት ዓምድ ውስጥ ለማንበብ ይገደዳሉ። ከዚያ በፊት ግን ማኅበሩ የሚያስገባው የክስ ማመልከቻ «ተከሳሽ» በሚለው ቦታ ላይ አንድ ስም መጻፍ ይኖርበታል፤ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ወይስ የክልሉ መንግሥት?