የሸማኔው ዓይን

የታሪክ ጸሐፊ ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት መልክ ሊጽፍ ሲነሣ ማስረጃ አይቸግረውም፤ ሥዕሉም ሐውልቱም አለለት። ስለ አንድ ተራ ሸማኔ መልክ ለመጻፍ ቢያስብ ግን የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል። ስለዚህም መዝገብ የዘነጋውን ነገር ልብ ወለድ ታሪክ ይዞት የሚገኝበት ጊዜ አለ። ጆርጅ ኤልየት በሚል የወንድ ስም ትጽፍ የነበረችው፥ እውነተኛ ስሟ ሜሪ አን ኢቫንስ የሆነው እንግሊዛዊት ደራሲ፥ በ1861 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተመችው «ሳይለስ ማርነር» ለዚህ ምስክር ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው እንግሊዝ ከናፖሊዮን ጋር ትዋጋ በነበረበት ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ ከተልባ ጭረት በፍታ የሚሠሩ ሸማኔዎች ከከተማ እየወጡ፥ ከባድ ከረጢት በጀርባቸው አዝለው በየባላገሩ ይሰፍሩ ነበር። ገበሬው ትከሻው የሰፋ፥ ፊቱ በነፋስና በፀሐይ የቀላ ነው። ሸማኔው ግን ቁመቱ ያጠረ፥ መልኩ የገረጣ፥ ወገቡ የጐበጠ ሆኖ ይታያል። ማን እንደ ወለደው፥ ከየት እንደ መጣ ስለማይታወቅም የእጁ ጥበብ ራሱ ያስጠረጥረው ነበር።

ሳይለስ ማርነር ሬቭሎ በምትባል መንደር ዳር፥ በድንጋይ ጉድጓድ አጠገብ ብቻውን ተቀምጧል። የመንደሩ ልጆች የሽመናውን ድምፅ ሰምተው በመስኮት አጮልቀው ያዩታል፤ እርሱም ሲሰለቸው ከዕቃው ላይ ወርዶ፥ በሩን ከፍቶ አፍጥጦ ይመለከታቸዋል። በዚህ ጊዜ እግሬ አውጪኝ ይላሉ። ያ ትልቅ፥ ቡናማ፥ ፈጠጥ ያለ ዓይን ያየውን ሰው አካል ያሳስራል፥ አፍ ያጣምማል ተብሎ ይታመናልና። ደራሲዋ ግን ለአንባቢው ሌላ ነገር ትነግረዋለች፤ ያ ዓይን ከአፍንጫው ሥር ያልቀረበ ነገር አጥርቶ አያይም። ልጆቹ ከሚሸሹት ዓይን ፊት የልጆቹ መልክ እንደ ጉም የደበዘዘ ነበር።

የመንደሩ ሰዎች ሐሰተኞች አልነበሩም። ያዩትን በትክክል አይተዋል፤ የሳቱት ሲተረጕሙት ነው። ዓይኑ የፈጠጠው፥ ጀርባው የጐበጠው፥ ፊቱ የገረጣው ከክር ጋር ተጣብቆ ከኖረበት ሥራ የተነሣ ነው። አንድ ቀን ደግሞ አንድ ፍልፈል አጥማጅ እንደ እንጨት ደርቆ፥ ዓይኑ እንደ ሬሳ ዓይን ቀጥ ብሎ ቆሞ አገኘው። ይህ ካታሌፕሲ የሚባል ሕመም ነው፤ ለመንደሩ ግን ነፍሱ ከሥጋው ወጥታ የምትመለስ መሰለ። ከእናቱ በተማረው ቅጠል አንዲት በሽተኛ ሴት ባዳነ ጊዜ ሰዉ ሁሉ አስማት ፈልጎ ወደ ቤቱ ጐረፈ፤ አስማት አላውቅም ብሎ ቢመልሳቸው የባሰውን ተጠላ።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በአገራችንም ሸማኔውና ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪዋና ፋቂው በቡዳነትና በስድብ ስንት ዘመን ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጆች እንዳይሰደቡ በ1900 በእኛ አቆጣጠር አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለ ነበር ነው።

ወደ ማርነር እንመለስ። በወጣትነቱ ያ ትልቅ ዓይን የሚያምን፥ የየዋህ ዓይን ነበር። ወዳጁ በሐሰት ሌባ አሰኝቶት ከማኅበሩ ከተባረረ በኋላ ግን ወርቅ ማጠራቀም ያዘ፤ ዓይኑም ጥቃቅን ፍሬ ብቻ እንደሚለቅም ዓይን ሆነ። አርባ ሳይሞላው ፊቱ ስለ ጠወለገ ልጆች ሽማግሌው ይሉት ጀመር። በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ምርጥ ገጽ፥ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የልጅቱ መምጣት አይደለም፤ የገንቦው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ውሃ የቀዳበት የሸክላ ገንቦ አንድ ቀን ከድንጋይ ተጋጭቶ ተሰበረ። ማርነርም ስብርባሪውን ሰብስቦ፥ ገጣጥሞ፥ በቀድሞ ቦታው አቆመው። ከእንግዲህ ውሃ አይዝም። መንደሩ ይህን አላየም፤ አንባቢ ብቻ ያየዋል፤ በዚያ በተጨማደደ ፊት ሥር ፍቅር ጨርሶ እንዳልደረቀም ያውቃል።

ከዚህ በኋላ ወርቁ ይሰረቃል፤ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሌሊትም እናቷ በበረዶ ላይ የሞተችባት ሕፃን በተከፈተው በሩ ትገባለች። ያ ደካማ ዓይን ወርቃማ ጠጕሯን የተመለሰ ወርቅ መስሎት እጁን ይዘረጋል፤ እጁም ብረት የሚዳስስ መስሎት ለስላሳ ነገር ያገኛል።

አሥራ ስድስት ዓመት ካለፈ በኋላ ደራሲዋ ያንኑ ሰው እንደ ገና ትሥለዋለች። ጠጕሩ ሸብቷል፤ ጕብጠቱም አልተቃናም። ዓይኑ ግን፥ በወጣትነት ቅርብ ብቻ ያይ የነበረ ዓይን በእርጅና እንደሚሆነው፥ ራቅ አድርጎ ማየት ጀምሯል፤ ሲያዩትም መልሶ ያያል። መንደሩም በዚህ ጊዜ መፍራቱን ትቷል።

ዘመኑ ግን አልጠበቀውም። በ1785 ኤድመንድ ካርትራይት ለሸማ መኪናው የፈጠራ መብት ካስመዘገበ ወዲህ የእጅ ሽመና መድከም ጀምሮ ነበር። እንደሚገመተው በብሪታንያ በ1820ዎቹ ከ200,000 በላይ የነበሩት የጥጥ እጅ ሸማኔዎች በ1850 ከ50,000 በታች ሆነዋል። ማርነርም የጥንቱን ነገር ሊመረምር ልጁን ይዞ ወደ ተሰደደበት ከተማ ቢመለስ፥ ማኅበሩ ይሰበሰብበት የነበረው ቦታ ጠፍቷል። በስፍራው የቆመው ትልቅ ፋብሪካ ነው፤ ከበሩም ወንዶችና ሴቶች ለምሳ በብዛት ይወጡ ነበር።