ሕግን በቤቱ የጠበቀ ሕዝብ



የሃይማኖት ሥርዓት የሚጠበቀው በሁለት ስፍራ ነው። አንደኛው ቤተ መቅደስ ነው፤ ሁለተኛው ምድጃና ማዕድ ያለበት፣ ሕፃናት የሚያድጉበት ቤት ነው። ቤተ መቅደስ ሲፈርስ፣ መጽሐፍ ሲጠፋ፣ መምህር ሲሰደድ ሥርዓቱ የሚተርፈው በቤት ተይዞ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ለዚህ ነገር ምስክር ለማግኘት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በስሜን ተራሮች፣ በወገራ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያና በትግራይ ለብዙ መቶ ዓመታት ከአባቶቻችን ጋር በጉርብትና የኖሩት ቤተ እስራኤል ይበቁናል። እነርሱ የኦሪትን ሥርዓት በዕለት ኑሯቸው እንዴት እንደ ጠበቁ፣ እኛም ጎረቤቶቻቸው እንዴት አድርገን እንዳየናቸው ዛሬ እንናገራለን።

አስቀድመን ሰንበትን እንመልከት። በቤተ እስራኤል መንደር የሰንበት ዝግጅት የሚጀመረው ዓርብ ነበር። ሴቶች እንጀራውንና የሰንበቱን ዳቦ ይጋግራሉ፤ ውኃ ይቀዳሉ፤ ቤት ያጸዳሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰው ሁሉ ወደ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፤ ንጹሕ ልብስም ይለብሳል። ከዚያ በኋላ እሳቱ ይጠፋል። በሌላው ዓለም ያሉት አይሁድ የሰንበትን መግቢያ መብራት አብርተው ሲቀበሉ፣ ቤተ እስራኤል ግን ያለ እሳት ያድሩ፣ በማግሥቱም የቀዘቀዘውን ምግብ ይመገቡ ነበር። የዚህ ልዩነት ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሌላው አገር አይሁድ ከኦሪት ጋር ሚሽናና ታልሙድ የተባሉትን የሊቃውንቶቻቸውን መጻሕፍት ይከተላሉ። ቤተ እስራኤል ግን እነዚህን መጻሕፍት ሳያውቁ፣ በግእዝ የተጻፈውን ኦሪት እንደ ቃሉ ይዘው ኖሩ። ትእዛዘ ሰንበት የተባለው መጽሐፋቸውም ሰንበትን እንደ ክብርት ንግሥት አድርጎ ያሳያል።

በዓላቸውም እንዲሁ ነበር። በፋሲካ ቄሳቸው በጉን ያርዳል፤ ሰባት ቀን እርሾ የሌለበት ቂጣ ይበላል። ሌሎቹ አይሁድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ70 ዓ.ም. የኢየሩሳሌም መቅደስ ከፈረሰ በኋላ መሥዋዕትን ሲተዉ፣ በእነዚህ ተራሮች ግን የፋሲካው በግ መታረዱ አልቀረም። ከአስተሥርዮ በዓል በኋላ በ50ኛው ቀን ደግሞ ስግድ የተባለውን በዓል ያከብሩ ነበር። በዚያ ቀን ሕዝቡ እየጾመ፣ ኦሪቱን አስይዞ ወደ ተራራ ይወጣል። በዕዝራና በነህምያ ዘመን ከምርኮ የተመለሱት ሕዝብ ኪዳናቸውን እንዴት እንዳደሱ ይነበባል፤ ስለ ኢየሩሳሌምም ይጸለያል። ከቀትር በኋላ ወርደው በደስታ ይበላሉ።

ነገር ግን የሥርዓቱ ጽናት በበዓል ቀን ብቻ የሚታይ አልነበረም። ወንድ ልጅ በ8ኛው ቀን ይገረዛል። የወለደች ሴት ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ትቆያለች፤ በወር አበባዋም ጊዜ በተለየች ጎጆ ትቀመጣለች። ሌላው ያረደውን ሥጋ አይበሉም። ከእምነታቸው ውጭ ያለውን ሰው ከነኩ ይታጠባሉ፤ ስለዚህም ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» የሚል ስም አወጡላቸው።

እንግዲህ አድማጮች ሆይ፤ ከዚህ ከተናገርነው ውስጥ ስንቱ በእኛ ቤት ይገኛል? እኛም ልጆቻችንን በ8ኛው ቀን እንገርዛለን፤ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን እናስጠምቃለን፤ የእሪያ ሥጋ አንበላም፤ ቀዳሚት ሰንበትንም ከእሑድ ጋር እናከብራለን። ይህም ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ስለ ቀዳሚት ሰንበት ሲሉ አገራቸውን ለቅቀው በአርመን ምድር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸውም ብዙ ዘመን ተገፉ፤ በመጨረሻ በ1442 ዓ.ም. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ባደረጉት ጉባኤ የሁለቱ ሰንበታት መከበር ጸና። በኋላም የሮም ካህናት ኢትዮጵያውያን እንደ አይሁድ ይኖራሉ ብለው በከሰሱ ጊዜ፣ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1547 ዓ.ም. የሃይማኖታቸውን ቃል ጽፈው፣ ሰንበትን ማክበራችን እንደ አይሁድ አለመሆኑን፣ ግዝረቱም የአገር ልማድ መሆኑን አስረዱ።

እኛ በዚህ ልማድ ምክንያት በባዕድ ስንከሰስ ያዘንን ሰዎች ነን። ይሁን እንጂ ያንኑ ልማድ ከእኛ አጥብቀው ለያዙት ጎረቤቶቻችን አላዘንንም። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ይስሐቅ ከተዋጓቸው በኋላ ያልተጠመቀ ሰው ርስት እንዳይኖረው መወሰናቸውን ትውፊት ይናገራል። እስከ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በቆየው ጦርነትም የቀረውን ነፃነታቸውን አጡ። ፈላሻ የሚለው፣ እነርሱ ግን የማይወዱት ስም፣ አገር የሌለው ፈላሲ ማለት ሆኖ ተሰጣቸው። ርስት ያጣ ሰው በእጁ ሥራ ይኖራልና አንጥረኞች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ግንበኞች ሆኑ። ጎረቤቱ ማረሻውን በእነርሱ አሠርቶ አረሰ፤ ወጡን በእነርሱ ድስት ሠራ። ነገር ግን ያው ሰው ማታ ቡዳ ናቸው፣ ጅብ ይሆናሉ ብሎ ልጁን አስፈራራበት። ይህ ኃጢአት ነው፤ ሌላ ስም ልንሰጠው አይገባም።

እነርሱ ግን ሕጋቸውንም ተስፋቸውንም አልተዉም። በ1854 ዓ.ም. ገደማ አባ ማኅሪ የተባሉት መነኵሴያቸው ወደ ኢየሩሳሌም እንሂድ ብለው ብዙ ሰው አስከትለው ተነሡ፤ ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው አምነው ነበር። በትግራይ ረኀብና በሽታ ብዙዎቹን ፈጃቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ልጆቻቸው በሱዳን በኩል በእግር ወጡ፤ በመንገድና በመጠለያ ሰፈር 4,000 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ይነገራል። ከቀሩት ብዙዎቹ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተወሰዱ። በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተሻገሩ።

በዚያም ሌላ ፈተና ቆያቸው። ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1965 ዓ.ም. አይሁድነታቸውን መስክረው ሳሉ፣ የአገሩ የረቢዎች መሥሪያ ቤት ግን ጥርጥሩን ለማስወገድ የውኃ መጥለቅ ሥርዓት ፈጽሙ አላቸው። ሌላውን ነክተው ሳይታጠቡ ወደ ቤት የማይገቡ ሰዎች፣ እንደ ርኩሳን ታጠቡ ተባሉ። ስለዚህ በ1978 ዓ.ም. መግቢያ በኢየሩሳሌም በዚያው መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው አቤት አሉ። ስግድ በእስራኤል አገር ብሔራዊ በዓል እንዲሆን ሕግ የወጣው በ2000 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛው፣ ልማድ የሚጸናው በቤት ነው። ለቤተ እስራኤል ንጉሥ አልነበራቸውም፤ ርስት አልነበራቸውም፤ ከሌላው ዓለም ወገኖቻቸውም ተለይተው ነበር። ዓርብ ማታ እሳቷን የምታጠፋው እናት ግን ነበረቻቸው፤ ልጇም ለምን እንደምታጠፋው ጠይቆ ይማር ነበር። እኛ በጾም ቀን ማዕዳችንን ስንለውጥ ልጆቻችን ምክንያቱን ከእኛ አፍ ይሰማሉን? ምክንያቱን ያልሰማ ልጅ ልማዱን ነገ እንደ ሸክም ያወርደዋል።

ሁለተኛው፣ የራሱን ሥርዓት የሚወድ ሰው የጎረቤቱን ሥርዓት አይንቅም። በእምነት ከእነርሱ እንለያለን፤ ይህን አንሸሽግም። በእምነት መለየት ግን ስም ለማጥፋትና ርስት ለመንፈግ ፈቃድ አይሆንም። ዛሬ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ርቀው ሄደዋል፤ ቡዳ የሚለው ቃል ግን በመንደሮቻችን ቀርቷል፤ አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪዋን አሁንም ያሳድዳል። ይህን ቃል ከአፋችን እናውጣ፤ ልጆቻችንም ከእኛ እንዳይሰሙት እንጠንቀቅ።

ልዑል እግዚአብሔር ሥርዓትን ከፍቅር ጋር የምንጠብቅበትን ልቡና ይስጠን። አሜን።