አዋላጇን ማን መዘገባት?

ባቡር ድሬዳዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ፓርላማ የአዋላጆችን ሕግ አጽድቆ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ዓመቱ ብቻ ቢሆንም፣ ጎን ለጎን ሲታዩ ስለ እኛ አገር አዋላጅ የሚነግሩን ነገር አለ።

የእንግሊዙ ሕግ መዝገብ ከፈተ። መዝገቡ ላይ የሰፈሩት ግን የተማሩት ብቻ አልነበሩም። ቢያንስ አንድ ዓመት ሲያዋልዱ የቆዩ፣ ጠባያቸው የተመሰከረላቸው የሰፈር አዋላጆችም ስማቸውን እንዲያስገቡ የጊዜ ገደብ ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ቦርሳቸውን ይፈትሻል፣ ንጽሕናቸውን ያያል፣ ምጥ ሲከፋ ሐኪም መጥራታቸውን ይጠይቃል። መንግሥት መጀመሪያ በሥራ ላይ ያሉትን ሴቶች ቆጠረ፤ ማጣራቱ ኋላ መጣ።

ድሬዳዋ ያኔ ገና አዲስ ሰፈር ነበረች። ከደቻቱ ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ። አማራው «አዋላጅ»፣ ኦሮሞው «ደሲፍቱ»፣ ሶማሌው «ኡሙሊሶ» የሚላት ሴት ሦስት ስም ነበራት፤ አንድ መዝገብ ግን አልነበራትም።

የእኛ መንግሥት የሕክምና ባለሙያዎችን ለመመዝገብ አዋጅ ቁጥር 27ን ያወጣው ከጣሊያን መባረር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። አዋጁ በባህል ሕክምና የሚተዳደረውን ሰው፣ ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ፣ አልከለከለም። ነገሩ ቸርነት ይመስላል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን የልምድ አዋላጇ የተጎዳችው እዚህ ላይ ነው፤ አልከለከሏትም፣ አላወቋትምም። የሚጠይቃት የለም፤ የሚያግዛትም የለም።

በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነቀምቴ ላይ አረፉ። በስደት ሳሉ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በእንግሊዝ መዝገብ የሰፈሩ ነርስ ነበሩ። የሞቱት ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ነው፤ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበሩ። የንጉሥ ልጅ፣ ያውም ነርስ፣ ከዚህ ካላመለጡ የመጋላዋ ወላድ ምን ተስፋ ነበራት? በስማቸው አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራ፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ማዋለድንም የሚችሉ ኮሚዩኒቲ ነርሶችን ማውጣት ጀመረ።

እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ አዋላጅነት በነርስነት ላይ የተጨመረ ዕውቀት እንጂ ራሱን የቻለ ሙያ ተደርጎ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመው ማኅበር እንኳ «የአዋላጅ ነርሶች» ተብሎ ነበር፤ «ነርስ» የሚለው ቃል ከስሙ የወጣው በኋላ ነው። ይህች አንዲት ቃል መውጣቷ ቀላል ነገር አልነበረም። አዋላጇ በነርስ ሳይሆን በአዋላጅ ሚዛን ትመዘን የሚል ጥያቄ ነበረባት።

በደርግ ዘመን የልምድ አዋላጆች አጭር ሥልጠና ተሰጥቷቸዋል። ሥልጠና እንጂ ፈቃድ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የአዋጅና የደንብ ሰልፍ ነው። በደንብ ቁጥር 76/1994 የጤና ባለሙያዎች ምክር ቤት ተቋቋመ። በአዋጅ ቁጥር 661/2002 ቁጥጥሩ ወደ ምግብ፣ መድኃኒትና ጤና ክብካቤ ባለሥልጣን ዞረ፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ባለሥልጣኑ ለምግብና ለመድኃኒት ብቻ ሲቀር የባለሙያው ጉዳይ ወደ ጤና ሚኒስቴር ሄደ። በ2011 ዓ.ም. አገር አቀፍ የፈቃድ ፈተናም ተጀመረ። ተቆጣጣሪው ቤት በቀየረ ቁጥር ፋይሏን ተሸክማ የምትከተለው መቼም አዋላጇ ናት! ድሬዳዋ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ቻርተር ያላት ከተማ በመሆኗ ጤና ቢሮዋ ከየትኛውም ክልል በታች አይደለም፤ ሰሚ ፍለጋ ሐረር መውጣት አያስፈልግም።

በ1997 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የወለዱት ከመቶ 6 ያህል ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ግማሽ ያህል ሆኑ። የቀሩት በዘመድ፣ ብቻቸውን፣ አለዚያም በአንዱም አዋጅ ስሟ ባልተመዘገበ በዚያች ሴት እጅ ወልደዋል።