ጨዋታ ትምህርት ስለ መሆኑ፤ ከብሩክሊን እስከ ጾሬ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳ ዙሪያ፣ ጾሬ የሚባል የስደተኞች ሰፈር አለ። ሰፈሩ የተቈረቈረው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሚኖሩበትም ሰዎች አብዛኞቹ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን የመጡ ናቸው። ስለ እንዲህ ያለ ስፍራ የሚጻፈው ነገር ብዙውን ጊዜ ስለ እህልና ስለ ውሃ፣ ስለ ድንኳንና ስለ መድኃኒት ነው፤ ይህም የተገባ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንጽፈው ስለ ልጆች ጨዋታ ነውና፣ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን አቃልለህ እንዳታልፈው እንለምንሃለን። በሀገራችን ከተጠለሉት ስደተኞች ከግማሽ የሚበልጡት ልጆች ስለ ሆኑ፣ የጨዋታ ነገር የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም።

አስቀድመን ከቃሉ እንጀምር። ጨዋታ በግእዝ ተውኔት ይባላል። ዛሬ ይህን ቃል ለቴአትር ብቻ ሰጥተነዋል፤ በጥንቱ አነጋገር ግን የልጆችንም ጨዋታ የዐዋቂዎችንም ቀልድ አጠቃሎ የሚይዝ ቃል ነበር። በቅኔ ቤት ስሙ ከፍ ብሎ የሚጠራው የጎንጁ ሊቅ ተዋነይ መባሉን ያስተዋለ ሰው፣ አባቶቻችን ጨዋታንና ዕውቀትን እርስ በርሳቸው ጠላቶች አድርገው እንዳላዩአቸው ይረዳል። የቅኔስ ሥራ ራሱ ምንድን ነው? ወርቁን በሰም ሸፍኖ ሰሚው እንዲፈልገው ማድረግ የድብብቆሽ ታላቅ ወንድም አይደለምን? እርግጥ ነው፣ በፊደል ቤት ጨዋታ ያበዛ ልጅ አለንጋ አይቀርለትም ነበር። ነገር ግን ያ ልጅ ሀ ግእዝ ሁ ካዕብ ያለው በዜማ ነው፤ የፊደሉን ገበታ በስንደዶ እየጠቈመ፣ ከባልንጀሮቹ ጋር ድምፁን እያስተባበረ ነው የተማረው። ስሙን ጨዋታ ብለው አልጠሩትም እንጂ ግብሩ ከጨዋታ የራቀ አልነበረም።

ከጨዋታዎቻችን ሁሉ ይልቅ ግን ሊታሰብ የሚገባው ገበጣ ነው። ገበጣ ለመጫወት ገንዘብ አያስፈልግም፤ መሬት ላይ ጉድጓድ መቈፈርና ጠጠር መልቀም ብቻ ይበቃል። ልጁ ጠጠሩን ከአንዱ ጉድጓድ አንሥቶ በሚቀጥሉት ጉድጓዶች አንድ አንድ እያደረገ ሲዘራ፣ መደመርን፣ መቀነስንና ማካፈልን ማንም ሳያስተምረው በእጁ ይለማመዳል። ከዚህም በላይ የመጨረሻው ጠጠር ከየት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ካላየ ይሸነፋልና፣ ሳይቸኩሉ ማሰብን ይማራል። ይህ ጨዋታ በምሥራቅ አፍሪካም በምዕራብ አፍሪካም፣ ከባሕር ማዶም በዐረቦችና በሕንዶች ዘንድ፣ በልዩ ልዩ ስም የታወቀ ነው። በእኛ ሀገርና በጎረቤቶቻችን ያለውን የገበጣ ዓይነት ሪቻርድ ፓንክረስት በፈረንጆች 1971 ሰብስበው ሲያሳትሙ፣ ሕጉ ከወረዳ ወረዳ እንዴት እንደሚለዋወጥ አሳይተዋል፤ አንዱ ጉድጓዱን በሁለት ረድፍ፣ ሌላው በሦስት፣ ሌላው በአራት ይቈፍራል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ገበጣን ዐይነ ስውር ልጅ ከሚያይ ልጅ ጋር እኩል ሊጫወተው ይችላል። ጉድጓዱም ጠጠሩም በጣት ይታወቃሉና። ፈረንጆች ዛሬ ለአካል ጉዳተኞች የተመቸ መጫወቻ ለመሥራት ብዙ ወጪ ያወጣሉ፤ እረኞቻችን ግን ይህን ሳያስቡት ሠርተውት ነበር።

ስለ ገና ጨዋታ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ በዚያ ሜዳ ላይ ጌታ ቢመታም እንደማይቆጣ ሁሉም ያውቃል። ብቻ ቅልብልቦሽን፣ ሰኞ ማክሰኞንና ዕቃ ዕቃን ደግሞ ከቍጥር እንዳናወጣቸው ያስፈልጋል። ዕቃ ዕቃ የምትጫወት ልጅ ቤትን፣ ገበያንና እንግዳ መቀበልን በጭቃ ሠርታ ታጠናለች።

በአውሮፓ ጨዋታን በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ያስቀመጠው ፍሬደሪክ ፍሮቤል የተባለው ጀርመናዊ ነው። እናቱ ገና ዓመት ሳይሞላው ሞታበት ያደገ፣ በወጣትነቱም የደን ሥራ የተማረ ሰው ነበር። በፈረንጆች 1837 በብላንከንቡርግ ለትንንሽ ልጆች ቤት ከፈተ፤ ከሦስት ዓመትም በኋላ የልጆች አትክልት ስፍራ የሚል ትርጓሜ ያለውን ኪንደርጋርተን የሚለውን ስም ሰጠው። መማሪያውም መጽሐፍ ሳይሆን ከሱፍ የተሠራ ኳስ፣ ከእንጨት የተጠረበ ድቡልቡልና ባለ ስድስት ገጽ ቁራጭ ነበር። የፕሩስያ መንግሥት ግን በ1851 እነዚህን ቤቶች የክሕደትና የዐመፅ መፈልፈያ ናቸው ብሎ ዘጋቸው። ፍሮቤልም በማግሥቱ ዓመት ሐዘኑን እንደ ያዘ ሞተ፤ እገዳው የተነሣው እርሱ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። መንግሥት ኳስ የሚያንከባልሉ ሕፃናትን የፈራበት ጊዜ መኖሩ ያስደንቃል።

የልጆች ቤተ መዘክር ታሪክ ደግሞ የሚጀምረው በአሜሪካ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ በአራተኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ 1892 ዓ.ም.፣ በኒውዮርክ ከተማ በብሩክሊን ክፍል፣ በአንድ መናፈሻ ውስጥ በሚገኝ አሮጌ መኖሪያ ቤት፣ ለልጆች ብቻ የተዘጋጀ ቤተ መዘክር ተከፈተ፤ በዓለም የመጀመሪያው ይኸው ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ቤተ መዘክር ማለት ዕቃው በመስተዋት ተቈልፎ፣ ዘበኛ ቆሞ፣ ልጅ እጁን ከዘረጋ የሚገሠጽበት ስፍራ ነበር። በፈረንጆች 1902 አና ጋለፕ የምትባል መምህርት ወደዚህ ቤት ገባች፤ ከ1904 ጀምሮ እስከ 1937 ድረስም ዋና ኃላፊ ሆና ሠራች። የእርስዋ አሳብ አጭር ነበር፤ ቤቱ የልጆች ነው፣ ስለዚህ ልጆቹ ራሳቸው ሊነኩት፣ ሊያገላብጡት፣ ሊሠሩበት ይገባል። ድንጋዩንና የወፉን ላባ፣ ቢራቢሮውንና የሩቅ ሀገር ዕቃውን በጠረጴዛቸው ላይ አኖረችላቸው። ቦስተን በ1913 ተከተለች፤ በዚያም ማይክል ስፖክ የተባለው ሰው በ1962 ኃላፊ በሆነ ጊዜ መስተዋቱን ይበልጥ አስወገደው። ዛሬ በየሀገሩ ያሉት የልጆች ቤተ መዘክሮች የእነዚህ የሁለቱ ቤቶች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው ቢባል ስሕተት አይደለም።

መዘክር የሚለው ቃል ዘከረ ከሚለው ግስ እንደ ወጣ የታወቀ ነው፤ የሚያስታውስ ነገር ማለት ነው። የልጅ ቤተ መዘክር ሲባል እንግዲህ ልጅ ምን ያስታውሳል የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ገና የሚያስታውሰው ነገር አልበዛለትምና። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መንገድ አሳይቷል። ዕቃውን በየነገዱና በየጠቅላይ ግዛቱ አልደረደረውም፤ በሰው ዕድሜ ነው ያዘጋጀው። ልደትና ሕፃንነት መጀመሪያ ይመጣሉ፣ ጐልማስነት ይከተላል፣ በመጨረሻም ሞት ነው። ከልዩ ልዩ ሕዝብ የተሰበሰበው የልጅነት ዕቃ ጐን ለጐን ሲቀመጥ፣ ተመልካቹ ልዩነቱን ከማየቱ በፊት አንድነቱን ያያል። ይህ አሠራር ለጾሬ ይስማማል እላለሁ፤ ምክንያቱንም ወደ ኋላ እናገራለሁ።

አሁን ወደ ጾሬ እንመለስ። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ በሱዳን የብሉ ናይል ግዛት ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ የኢንገሰና፣ የኡዱክ፣ የማባን፣ የፉንጅና የበርታ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው ወደ አሶሳ በኩል መጡ። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው የሸርቆሌ ሰፈር አልበቃ ብሎ ቶንጎ፣ ባምባሲ፣ ቀጥሎም ጾሬና ጉሬ ሸምቦላ ተጨመሩ። ነገር ግን የሸሹትን ሰዎች ጦርነት እንደገና አገኛቸው። በታኅሣሥ 19 ቀን 2014 ዓ.ም. ጉሬ ሸምቦላ፣ በጥር 10 ቀን ደግሞ ከ10,000 በላይ ሰዎች የነበሩበት ቶንጎ በውጊያ ተመቱ፤ ቶንጎ ተዘርፎ ተቃጠለ። ከሁለቱ ሰፈሮች የወጡት 22,000 ያህል ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው ቀናት በእግራቸው ተጕዘው ወደ አሶሳ በኩል ወጡ፤ ከእነርሱም ብዙዎች በጾሬ ሰፈሩ። በሱዳን ታላቁ ጦርነት የተነሣው ደግሞ በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ በእርሱም ምክንያት ሌሎች ብዙዎች በኩርሙክ በኩል ገቡ፤ ለእነርሱም በ2016 ዓ.ም. ኡራ የሚባል ሰፈር ተከፈተ። የቤተ ክርስቲያንን ዘመን አቈጣጠር የሚያውቅ አንባቢ እነዚህ ሦስት ቀኖች የቅዱስ ገብርኤል በዓል፣ ከተራና ቀዳም ሥዑር መሆናቸውን ሳያስተውል አይቀርም። እኛ ጽናጽልና ቄጤማ በያዝንበት ቀን ነው እነዚያ ልጆች የሸሹት።

ሸሽቶ የሚሄድ ሰው ማሰሮውንና ብርድ ልብሱን ይይዛል። የልጅ መጫወቻ ግን ይቀራል። የጨዋታው ሕግና ዜማ በልብ ስለሚያዝ ድንበር ይሻገራል፤ ቢሆንም ልጆቹ ከተበታተኑ፣ አያቶችም ከሞቱ፣ ያም ይጠፋል።

በፈረንጆች ታኅሣሥ 2019 ሌጎ ፋውንዴሽን የተባለው የዴንማርክ ማኅበር ለኢንተርናሽናል ሬስኪዩ ኮሚቴ 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ ገንዘቡም በምሥራቅ አፍሪካ ለሚገኙ ስደተኞች ልጆችና ለጎረቤቶቻቸው ልጆች በጨዋታ የሚሰጥ ትምህርት እንዲውል ነው። ሥራው ኋላ ፕሌይማተርስ ተብሎ በኢትዮጵያ፣ በኡጋንዳና በታንዛንያ ተካሄደ፤ በአሶሳ በኩል ያሉትም ሰፈሮች በዚህ ውስጥ ገቡ። የሌጎ መነሻ የሚያስገርም ነው። ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የሚባል የገጠር አናጢ በ1932 በዓለም ላይ በወደቀው የኑሮ ችግር ቤት የሚያሠራው ሰው ቢያጣ፣ ከእንጨት የልጆች መጫወቻ መሥራት ጀመረ። የሥራውንም ስም በሀገሩ ቋንቋ ደኅና ተጫወት ከሚሉት ቃላት ቈርጦ ሌጎ አለው። እንግዲህ ለአሶሳ ልጆች የደረሰው ገንዘብ መነሻው ድኽነት በያዘው አናጢ ቤት ነው። መምህራኑም ሲሠለጥኑ ትምህርቱን በአካባቢያቸው በሚገኝ ነገር እንዲያዘጋጁ ተመከሩ፤ ከመርከብ የሚወርድ መጫወቻ እንዲጠብቁ አይደለም። እኔ ከሁሉ የበለጠ ደኅና ሆኖ ያገኘሁት ይህን ምክር ነው። ከውጭ የመጣ መጫወቻ ሲሰበር የሚጠግነው ሰው አይገኝም፤ እንዳይሰበርም ተብሎ በሣጥን ይቈለፋል፤ ያን ጊዜ ከብሩክሊን በፊት ወደ ነበረው ወደ መስተዋቱ ዘመን ተመለስን ማለት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። ከሰኔ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ወራት የዓለም የምግብ ድርጅት እርዳታው ከመንገድ ይወሰዳል በሚል ምክንያት ለስደተኞችም የሚሰጠውን እህል አቁሞ ነበር። ያን ጊዜ በጾሬ ቆሞ ስለ ጨዋታ የሚናገር ሰው እንደ ቧልተኛ ቢቈጠር ማን ይፈርዳል? እኔም ኳስ ዳቦ ይሆናል አልልም። የምለው የሕፃንነት ጊዜ እህሉ እስኪደርስ ቆሞ አይጠብቅም ነው። አምስት ዓመት የሆነው ልጅ በሰፈሩ አሥር ዓመት ቢሞላው፣ ያለፈውን አምስት ዓመት የሚመልስለት የለም። ሀገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የልጆች መብት ስምምነት በ31ኛው አንቀጹ ዕረፍትንና ጨዋታን ከመብቶች አንድ ማድረጉ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ነቢዩ ዘካርያስም ስለ ኢየሩሳሌም መመለስ ሲናገር፣ የከተማዋ አደባባይ በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች እንደሚሞላ አድርጎ ነው ምልክቱን የሰጠው፤ ስለ ግንብዋና ስለ ገበያዋ ብቻ አልተናገረም።

እንግዲህ በጾሬ የልጆች ቤተ መዘክር ቢሠራ እንዴት ያለ ይሁን? የድንጋይ ሕንጻ አያሻውም። የአሶሳ ምድር ሽመል የሞላበት ነው፤ ግድግዳውም ጣራውም መደርደሪያውም ከሽመል ሊሆን ይችላል፤ ምስጥ የበላውን የሰፈሩ ሰው ራሱ ይለውጠዋል። በርታዎች ከቅል እየቀጠሉ የሚሠሩት ዋዛ የተባለው መለከት አለ፤ ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ ነፊዎቹም እያንዳንዳቸው ተራቸውን ጠብቀው አንድ አንድ ድምፅ ብቻ በማውጣት አንድ ዜማ ያቆማሉ። የድምፅን ትምህርት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የትኛው መምህር ነው? የበሩ ደፍ ጕብታ ሳይኖረው ሜዳ ይሁን፤ በምርኩዝ የሚሄድም በጋሪ የሚገፋም ልጅ ሳይቸገር ይግባ። አዘጋጀጀቱ በዕድሜ ይሁን እንጂ በነገድ አይሁን ያልሁት፣ በአንድ ሰፈር ከየወገኑ የመጡ ሰዎች ስላሉና የአሶሳም ተወላጆች ልጆች አብረው ሊገቡ ስለሚገባቸው ነው።

ከቤቱም በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። ከቶንጎ በእግራቸው የመጡት አሮጊቶችና ሽማግሌዎች የሚያውቁትን የልጅነት ጨዋታ፣ ስሙን፣ ሕጉን፣ የሚጫወቱበትን ወራት፣ በበርታም በዐረብኛም በየቋንቋቸው መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል። ለዚህ ደብተርና እርሳስ፣ ቋንቋውን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ወጣት መምህራንም ይበቃሉ። ሥራው በበጋ ቢጀመር ይሻላል፤ በክረምት የዚያ ሀገር ዝናብ ብርቱ ነው፣ መንገዱም በጭቃ ይያዛል።