አባ ታጠቅ ሲሉት

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። አባባሉ ለባለ ስሙ ምንም ድርሻ አይተውለትም፤ መልአኩ ያቀብላል፣ ወላጅ ይቀበላል፣ ሕፃኑ ዕድሜ ልኩን ይሸከማል። ይሁን እንጂ በአገራችን ታሪክ ውስጥ መልአክም ወላጅም ያላወጣቸው፣ ሰው አድጎ ዐውቆ በገዛ ራሱ ላይ የጫናቸው ስሞች ከመልአኩ ስም ያላነሰ ሥራ ሠርተዋል። የፈረስ ስም አለ፤ የበረሃ ስም አለ፤ የብዕር ስም አለ። በዘመናችን ደግሞ የኢንተርኔት ስም መጥቷል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የመጨረሻውን ስም የያዘ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ድንገት ከኋላው በዚያ ስም ቢጠሩት ምን ይሰማዋል? አንዱ ፊቱ ይፈካል። ሌላው ልብሱን በአደባባይ የገፈፉት ያህል ይሳቀቃል። ሦስተኛው እንዳልሰማ ሆኖ መንገዱን ይቀጥላል። ስሙን የመረጠው ግን ሌላ ማንም አይደለም፣ እርሱ ራሱ ነው። ራሱ በመረጠው ስም ሲጠሩት የሚደነግጥ ሰው እንቆቅልሽ ይመስላል። እንቆቅልሹ ግን የዛሬ አይደለምና እስኪ ወደ ፈረሶቹ መለስ እንበል።

በፈረስ ስም ውስጥ ያለው «አባ» የመነኩሴ መጠሪያ አይደለም፤ ጌታ፣ ባለቤት ማለት ነው። አባ ታጠቅ ሲባል ታጠቅ የተባለው ፈረስ ጌታ ማለት ነው። ልማዱ በኦሮሞ ፈረሰኞች ዘንድ ሥር የሰደደ ሲሆን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጊቤ ማዶ እስከ ትግራይ የጦር ሰው ሁሉ ወግ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። ዝርዝሩ ለሁላችንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ስለዚህም ይመስለኛል ቃላቱን ቆም ብለን የማናደምጣቸው።

ታጠቅ። በዝብዝ። ጠቅል። በኋላም በጣሊያን ወረራ ዘመን የጎጃሙ አርበኛ የበላይ ዘለቀ ስም የሆነው ኮስትር። እነዚህ ሁሉ ትእዛዞች ናቸው። ፈረሰኛው በጦር ሜዳ ፈረሱን በስሙ ሲጠራው የሚያዘውም ያህል ነው። ነገር ግን ስሙ በ«አባ» ተሻግሮ በጌታው ላይ ሲያርፍ ትእዛዙም አብሮ ይሻገራል። አሽከሩ ጌታውን «አባ ታጠቅ!» ባለው ቁጥር ታጠቅ እያለው ነው። በዘመኑ ንጉሥን እንዲህ አድርጎ ለማዘዝ የሚደፍር አልነበረም፤ በፈረሱ ስም በኩል ግን ተራው ወታደር ሳይቀር በየቀኑ ያዘው ነበር። ስለዚህ የፈረስ ስምን እንደ ሙገሳ ብቻ የሚያዩት ሰዎች ግማሹን የሳቱት ይመስለኛል። ሙገሳ ተቀብለውት ያልፋል፤ የፈረስ ስም ግን ገና ያልተሠራውን ሥራ የሚያስታውስ ዕዳ ነበር። ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ የዙፋን ስማቸው በትንቢት ይጠበቅ የነበረ ንጉሥ ስም ነበር፤ ይህ ከላይ የመጣ ነው። ታጠቅ ግን ከታች፣ ከኮርቻው የመጣ ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ብዙው ሠራዊት ከድቷቸው ሳለ በዚህ ስም የሚጠራቸው የቀረ አንድ አሽከር ቢኖር ኖሮ፣ ቃሉ እንዴት ባለ ድምፅ ጆሯቸው በደረሰ ነበር እያልሁ አስባለሁ።

ሌላም ነገር አለ። አገራችን ሰውን በአባቱ ስም የምትመዝን አገር ነበረች፤ የማን ልጅ ነህ የሚለው ጥያቄ ከስምህ ማን ነው በፊት ይመጣ ነበር። አሉላ የገበሬ ልጅ ነበሩ። ባልቻና ሀብተ ጊዮርጊስ በጦርነት ተማርከው በምኒልክ ቤት ያደጉ ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች የአባት ስም በአደባባይ ብዙ አያስከፍትም ነበር። አባ ነጋን ግን ከአባቱ ማንም አልሰጠውም፤ ማንም ሊነጥቀውም አይችልም ነበር። በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የጣሊያን ጦር ከተደመሰሰ በኋላ «የማን ልጅ» የሚለው ጥያቄ ራሱ አፈረ። ዘር ያላቸውም የፈረስ ስም ይዘዋል፤ ለእነርሱ ግን ጌጥ ሲሆን ዘር ለሌላቸው ቤት ነበር። ልዩነቱ በተጠሪው ልብ ውስጥ ትልቅ ነው።

ደግሞም ይህ ስም የተሠራው በጩኸት እንዲጠራ ነው። ቦታው ፉከራ፣ ግብር ቤት፣ የጦር ሜዳ ነው። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ንጉሡን በዙፋን ስሙ ይጽፋል፤ ፎካሪው ግን «የአባ ዳኘው አሽከር!» ይላል። እንግዲህ ባለ ፈረሱ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው በሺህ ሰው ፊት፣ በሌላ ሰው ጉሮሮ ነው። በሹክሹክታ የተነገረ የፈረስ ስም አስቡት፤ አይሆንም፤ ያስቃል። ያፈረበት ባለ ስም የሌለውም ስለዚህ ይመስለኛል፤ ስሙ ከአደባባዩ ውጭ ሕይወት አልነበረውም።

አንዳንዱ ስም ባለቤቱን ጭራሽ ውጦታል። የጅማ ነገሥታት የታወቁት በፈረስ ስማቸው ነው፤ የመጀመሪያው አባ ጅፋር ሳና እንደሚባሉ፣ የሊሙ እናርያው አባ ባጊቦም ኢብሳ እንደነበሩ የሚያውቀው የታሪክ ተማሪ ብቻ ነው። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር የእግር ኳስ ቡድን የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ደጋፊው እየጮኸ የጠራው የአንድ ፈረስ ስም ነበር። የራስ መኰንን ፈረስ ደግሞ ከዚህ ርቆ ሄዷል። ልጃቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የላኩትን ሻለቃ ቃኘው አሉት፤ አሥመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር ጣቢያም እስከተዘጋበት እስከ 1969 ዓ.ም. በዚሁ ስም ተጠራ። ከአሜሪካ ገጠር የመጣ ወታደር «ቃኘው ላይ አገልግያለሁ» ሲል ስለ አንድ የሐረርጌ ገዥ ፈረስ እየተናገረ መሆኑን የጠረጠረ አይመስለኝም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ስሞች በአንድ ሰው ላይ የተደራረቡት በእኚሁ ንጉሠ ነገሥት ላይ ነው። ለዓለም ተፈሪ ነበሩ። ለፈረሱ አባ ጠቅል። ኃይለ ሥላሴ ደግሞ የክርስትና ስማቸው ነበር። አንባቢ እንደሚያውቀው የክርስትና ስም በብዙ ቤተሰብ ዘንድ እንደ ዋዛ የሚነገር ስም አይደለም። ካህኑ ለጸሎት፣ ደብተራው ለክታብ ይጠይቁታል፤ ክፉ የሚያስብ ሰው እንዳያገኘው ግን ይሸሸጋል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ያ የውስጥ ስም ወጥቶ በዙፋን ላይ ተቀመጠ፤ አደባባይ የሚያውቀው ተፈሪ ወደ ኋላ ቀረ። ግን አልሞተም፤ ባሕር ተሻግሮ ጃማይካ ገባ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኪንግስተን ሲደርሱ አውሮፕላን ማረፊያውን ያጥለቀለቀው ሕዝብ ከ35 ዓመት በፊት ባስቀመጡት ስም የራሱን እምነት የሰየመ ሕዝብ ነበር። ትተኸው የሄድኸው ስም ቀድሞህ ደርሶ በር ላይ ሲቀበልህ ምን ትላለህ?

ስለ ሴቶቹ ብዙ የምለው አለመኖሩ ራሱ ታሪክ ነው። እቴጌ ጣይቱ «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» ተብለዋል፤ ይህ ግን የማዕረግ ስም ነው እንጂ ከኮርቻ የመጣ አይደለም። ራስን በራስ መሰየም የፈረሰኛ መብት ነበር፤ ፈረሱም የወንድ ነበር።

በላይ ዘለቀን ከማለፌ በፊት ስለ እርሱ የሚነገረውን ላንሣ። በዱር በገደል ሳለ ተከታዮቹ ማዕረግ እንዲይዝ ቢጠይቁት «እናቴ በላይ ብላኛለች፤ ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ» አለ ይባላል። አባ ኮስትር የሚል የፈረስ ስም የነበረው ሰው ማዕረጉን በእናቱ ስም መለሰው። በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ሲሞትም ከሁሉ የቀረለት ያ የእናቱ ስም ነው።

ከፈረስ ስም ወደ ኅቡዕ ስም ስንሻገር ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በከተማ የታገሉት ወጣቶች በየሕዋሳቸው የሚጠሩት በድርጅት ስም ነበር። የዚህ ስም ዋና ጥቅሙ ተይዞ የተገረፈ ሰው የማያውቀውን ለመናገር እንዳይችል ነው። የፈረስ ስም እንዲጮኽ ተሠራ፤ ይህኛው ግን ከአራት ከአምስት ሰው ጆሮ እንዳያልፍ ተሠራ። መንገድ ላይ በዚያ ስም መጠራት ሞት ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ሲጠራ ዞር ማለት ደግሞ የእምነት ቃል እንደ መስጠት ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ለጊዜው መደበቂያው ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣው ኀዘን ነው ከሁሉ የሚከብደኝ። ከቀይ ሽብር የተረፉት ሰዎች ባሰፈሯቸው ትዝታዎች ውስጥ አብረዋቸው የዋሉ ጓዶች ብዙ ጊዜ በኅቡዕ ስማቸው ብቻ ይመጣሉ፤ ሌላ ስማቸውን ጸሐፊው ራሱ አያውቀውማ። እናት ልጇን በአንድ ስም ትፈልጋለች፤ አሟሟቱን የሚያውቀው ጓዱ በሌላ ስም ያለቅሳል። ሁለቱ በአንድ ከተማ፣ ምናልባትም በአንድ ቀበሌ፣ ሳይገናኙ ያረጃሉ።

በበረሃ የታገሉት ደግሞ ስማቸውን ይዘው ወደ ከተማ ገቡ። ለገሠ ዜናዊ በ1967 ዓ.ም. በደርግ የተገደለውን የመለስ ተክሌን ስም ወስደው መለስ ሆኑ፤ በዚያው ስም አገር መርተው በ2004 ዓ.ም. አረፉ። ስለ አገዛዛቸው አንባቢ የየራሱ ፍርድ ይኖረዋል። እኔ የማስበው ስለ ስሙ ብቻ ነው፤ ሰው በጠራቸው ቁጥር አንድ የሞተ ወጣት አብሮ ይጠራ ነበር፤ ከጠሪዎቹ ስንቱ ያንን ያውቅ ነበር?

የብዕር ስምም ከዚህ ሩቅ አይደለም። ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ ገሞራው ተባሉ፤ በ2007 ዓ.ም. በስደት ስዊድን ሲሞቱ ሥነ ጽሑፍ ወዳዱ ያለቀሰው ለገሞራው ነው። እሳት በሚተፋ ተራራ ስም የሚጠራ ሰው ዝግ ብሎ መናገር አይቻለው ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

አሁን ወደ ተነሣንበት። የኢንተርኔት ስም ከቀደሙት ሁሉ በአንድ ነገር ይለያል፤ ድምፅ የለውም። በ1990ዎቹ ውስጥ በየኢንተርኔት ካፌው የተጀመረው ጭውውት በአብዛኛው በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነበር፤ ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1992 ዓ.ም. ገደማ ቢሆንም ለመጻፍ መቻል ሌላ ጊዜ ወስዷል። ከገባም በኋላ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። አንድ ሰው ራሱን «ገና» ብሎ ቢሰይም በዓሉን ይሁን «ገና ነኝ» ማለቱን ማን ያውቃል? ወዳጆቹ አምስት ዓመት በዐይናቸው ብቻ አንብበውታል። እርሱም በልቡ ብቻ ሰምቶታል። አንድ ቀን ዋሽንግተን ወይም ቦሌ ተገናኝተው አንዱ አፉን ከፍቶ ሲጠራው፣ ማጥበቅ በሚገባው ላይ ያላላዋል፤ ባለ ስሙም ያፍራል። ያፈረው በስሙ አይመስለኝም። ለአባ ነጋ ስሙን አሽከሩ፣ ፎካሪው፣ ጠላቱ ሳይቀር እየጮኹ አለስልሰው ነበር የሰጡት፤ የእርሱ ግን ገና የማንም ትንፋሽ ያልነካው ጥሬ ነው። ከፈረስ ስም የወረሰው ራስን መሰየምን፣ ከኅቡዕ ስም የወረሰው ደግሞ መሸሸግን ነውና፣ ሲጠሩት አንዱ ወገኑ «አቤት» ሊል ይነሣል፤ ሌላው ወገኑ ሊሮጥ ይነሣል።

ዛሬ በቴሌግራምና በቲክቶክ ያደገው ወጣት ይህ ዕፍረት እምብዛም ያለበት አይመስልም፤ ስሙን ከነድምፁ ነው የሚያወጣው። ሞት ሲመጣ ግን የድሮው ነገር ይመለሳል። በፍትሐት ላይ ካህኑ የሚጠራው የክርስትና ስሙን ነው። ዕድሩ ጥሩንባ አስነፍቶ የሚለፍፈው የአባቱን ወይም የእናቱን ስም አስቀድሞ ነው። በየሌሊቱ ከእርሱ ጋር ሲጨዋወቱ የኖሩት ወዳጆቹ ደግሞ ወሬው ደርሷቸው፣ ሰፈሩን አጠያይቀው፣ ድንኳኑ በር ላይ ይቆማሉ። ቤተ ዘመዱ ወንበር እየሳበላቸው «ከየት ናችሁ ልጆቼ? እንዴት ታውቁታላችሁ?» ይላል። እነርሱም እርስ በርስ ይተያያሉ፤ የሚያውቁት ስም አንድ ብቻ ነው፤ ያንን ስም እዚያ ድንኳን ውስጥ ጮክ ብሎ የሚጠራው ማን ይሁን?