የተጣለው ኮምፓስ፦ ስለ 2003ቷ ጀልባ ያልተጠየቀ ጥያቄ

መጋቢት 18 ቀን 2003 ዓ.ም. ሌሊት 72 ሰዎችን ጭና ከትሪፖሊ ስለወጣችው የጎማ ጀልባ ብዙ ተጽፏል። ከተሳፋሪዎቹ 47ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሁለት ሳምንት ተንከራትታ ማዕበል ወደ ሊቢያ ሲመልሳት፣ በመጨረሻ ለወሬ ነጋሪ የተረፉት 9 ብቻ ናቸው። የአውሮፓ ምክር ቤት ዘገባ አቅራቢ ቲነከ ስትሪክ የተጠያቂነቱን ነገር መርምረዋል፤ እዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ክርክሬ ከተመራማሪዎቹ ከቻርልስ ሄለርና ከሎሬንዞ ፔዛኒ ጋር ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የሳተላይት ስልኩን ጥሪ፣ የራዳር ምስሉን፣ ነፋሱንና የባሕሩን ፍሰት አንድ በአንድ አስልተዋል፤ ጀልባዋን ይመራ የነበረውን ኮምፓስ ግን እንደ ማስረጃ አልመዘኑትም። ተሳፋሪዎቹ ሮም ወደነበሩት አባ ሙሴ ዘርዓይ ሲደውሉ የተገኘው ቦታ 34 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ፣ ለ13 ዲግሪ ምሥራቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ይህን ነጥብ ካርታ ላይ አስቀምጬ ከትሪፖሊ መድረሻዋ ወደነበረችው ላምፔዱዛ ባሰመርኩ ቁጥር ጀልባዋን መስመሩ ላይ አገኛታለሁ። እስከዚያ የተጓዘችው 65 ኖቲካል ማይል ያህል ነው፤ ኮምፓሱ 5 ዲግሪ ቢስት ኖሮ ወደ 6 ማይል በራቀች። ስለዚህ ኮምፓሱ ታማኝ ነበር እላለሁ። አንድ ነጥብ የጉዞውን ሁሉ ታሪክ እንደማይናገር አውቃለሁ። «ጂፒኤስ ያለው ስልክ መርቷቸው ይሆናል» ለሚል ግን መልሱ አጭር ነው፦ የቆመ ስልክ ያለህበትን ይነግርሃል እንጂ የጀልባህ አፍንጫ ወዴት እንደዞረ አይነግርህም።

የተረፉት እንደመሰከሩት፣ ሄሊኮፕተር መጥቶ ከሄደ በኋላ ጀልባዋን የሚነዳው ሰው አሻጋሪ ተብሎ እንዳይያዝ ሰግቶ ስልኩንም ኮምፓሱንም ባሕር ውስጥ ጣላቸው። ጥናቱ የሚያዝነው ለስልኩ ነው። እኔ የማዝነው ለኮምፓሱ ነው፤ ነዳጁ እስኪያልቅ ገና ሰዓታት ነበሩና። በዚያ ዕለት በዚያ ቦታ ፀሐይ የምትጠልቀው ከትክክለኛው ምዕራብ 3 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ገባ ብላ ነው። መርከበኛ የኮምፓሱን ስህተት የሚያርመው በዚህችው ቅጽበት ነው፤ ሲመሽም የሰሜን ኮከብ 34 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ሰሜንን ታሳያለች። ደመና ነበር ቢባል እንኳ ኮምፓስ ደመና አይከለክለውም።

የተዘነጋው ምንጭ ሮም ውስጥ ነበር። ቪያ ኩርታቶኔ በሚገኘው ሕንጻ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ይኖሩ ነበር፤ ብዙዎቹ ይህንኑ ባሕር የተሻገሩ ናቸው። ነሐሴ 18 ቀን 2009 ዓ.ም. ፖሊስ በውሃ መድፍ ከፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ በተናቸው። ልንጠይቃቸው ይገባን የነበረው ስለየጀልባቸው ነው፦ ኮምፓሱን ማን ይዞት ነበር? ከሞተሩ ምን ያህል ይርቅ ነበር? የድምፅ ማጉያው ማግኔት መርፌውን የሚስበው ስልክስ እጎኑ ተቀምጦ ነበር?